ጦጣዋን ያስለመድናት እኛው ነን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ። ጉዳዩ የጦጣና የዝንጀሮ ጉዳይ ነው። አገሩ ስንት ችግር እያለበት ስለ ጦጣ ይጻፋል ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ እኔ ግን ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን ቪዲዮዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዱ ለዝንጀሮ ብስኩት ያጎርሳል። ሌላዋ ጦጣ ትከሻዋ ላይ አውጥታ ሰልፊ ትነሳለች። ከስር "ሲያምሩ!"፣ "እንዴት ተላመዱ!" የሚል አስተያየት ይዥጎደጎዳል። እውነትም ደስ ይላል። የዱር እንስሳ ሰው አየሁ ብሎ ሳይበረግግ አጠገብህ ሲቆም የሚሰማህ ደስታ ሌላ ነው፤ ይህን ደስታ ማንም እንዲያጣው አልፈልግም። ግን አንድ እንስሳ ሰውን የማይፈራው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ሰው ምንም ስላላደረገው ነው፣ ወይ ሰው ስላበላው ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። መጨረሻቸው ግን ለየቅል ነው። ሁለተኛውን ዓይነት ደግሞ እኛው ወሎዎች በራሳችን መንገድ ላይ፣ እዚሁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ሐረጎ ላይ፣ እያሳደግነው ነው።

መጀመሪያ ስለ ደህናው ዓይነት ልንገራችሁ።

ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ያየ ሰው የጭላዳን ነገር አይረሳም። ከደሴ መንገዱ ረጅም ነው። በወልድያ አድርገህ፣ ደብረ ታቦርን አልፈህ፣ ጎንደር ታድራለህ፤ ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅ ላይ ትመዘገባለህ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብልሃል፣ ከዚያ ወደ ሳንቃበር ሽቅብ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጋቢ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ላይ ነው የሚያድሩት። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ተራ በተራ ወደ አፋፉ ብቅ ይላሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ አንዱ የሌላውን ፀጉር እየፈተሸ ይቀማመላሉ፣ ከዚያ ወደ ሣሩ ይሰማራሉ። ጭላዳ እንደምናውቀው ዝንጀሮ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ አይደለም። ከምግቡ እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው ሣር ነው። በዓለም ላይ ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዘሮች ውስጥ እንዲህ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ሌላ የለም፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭም አይገኝም።

ሲግጥ ቁጭ ብሎ ነው። በሁለቱም እጁ ይነጫል፣ ጣቶቹ ሲፈጥኑ ዓይን አይከተላቸውም፣ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ። ከፊቱ ያለው ሣር ሲያልቅ አይነሳም፤ በመቀመጫው ተንፏቆ ትንሽ ወደፊት ይጠጋል፣ ይቀጥላል። በመቶ የሚቆጠር መንጋ እንዲህ ተበትኖ እያለ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ሣሩ ሲነጭ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ነው። የወንዱን ጎፈር ነፋስ ሲበትነው ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ወለል ብሎ ይታያል። ግልገሎቹ ከእናታቸው ጀርባ ወርደው ይራገጣሉ፣ አንዷ እኔ ያለሁበት ድረስ መጥታ የጫማዬን ማሰሪያ አየችና ተመለሰች። ማንም አልጠራትም፣ ማንም ምንም አልሰጣትም። እኛም ለእነሱ ከብት የተሰማራ ያህል እንኳ አላሳሰብናቸውም።

አብራን የነበረች አንዲት ልጅ ስልኳን ዘርግታ በጣም ተጠጋች። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን አሳያት። ስካውቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ወደኋላ በይ፣ ዓይኑን አትዪው" አላት። ወደኋላ አለች። እሱም ወደ ሣሩ ተመለሰ። በቃ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። እንስሳው "ይበቃል" አለ፣ ሰውም ሰማ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ከማዶ በኩል ከብት የሚያግድ ልጅ ብቅ አለ። ወንጭፉን ከአንገቱ ሲያወርድ፣ ገና ድንጋይ ሳያነሳ፣ ያ ሁሉ መንጋ ግር ብሎ ወደ ገደሉ ወረደ። እኛን ከምንም ያልቆጠረ መንጋ ልጁን ከሩቅ ለየው። ልጁን አልወቅሰውም፤ ጭላዳ ገብስ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ገበሬው ነው የሚያውቀው። ግን ነገሩ ገባችሁ? ጭላዳው ለማዳ ስለሆነ አይደለም አጠገባችን የተቀመጠው። ማን ምን እንደሚያደርገው ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። ጎብኚ በየቀኑ ይመጣል፣ ተመራማሪዎችም ለዓመታት እግር በእግር እየተከተሉ ማስታወሻ ሲይዙ ኖረዋል፣ አንዳቸውም ድንጋይ አልወረወሩም፣ አንዳቸውም ዳቦ አልወረወሩም። ሰላሙ የመጣው ከሁለቱም እጅን ከመሰብሰብ ነው።

ይህ እንግዲህ እ.ኤ.አ በ1978፣ ከኛው ላሊበላ ጋር በአንድ ጊዜ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ፓርክ ነው። የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ሲመዘገቡ ማለት ነው። በኋላ ግን በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፣ የወጣው በ2017 ነው። 21 ዓመት! ያኔ ያስጨነቀው የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር መመናመን፣ ግጦሽና እርሻ እንጂ የጎብኚ ብስኩት አልነበረም። የማነሳው አንድ ነገር ከተበላሸ በኋላ ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እንድናስበው ነው።

ያም ሆኖ እዚያም ንጹሕ ነው አልልም። ካምፖቹ አካባቢ ቁራው ደፋር ነው። ወፍራም መንቁር ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት፣ የኛው አገር ደጋ ቁራ። ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ ዓይንህን ዞር ስታደርግ የዳቦውን ፌስታል ይዞ ይሄዳል። ትርፍራፊ የት እንደሚደፋ ያውቃላ።

ሌላ ቦታም ሂዱ። ባሌ ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ከሰው መሀል ይዘዋወራሉ፣ የሚነካቸው ስለሌለ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ደግሞ ጦጣው ከሰው እጅ ይጠብቃል፣ አባ ኮዳውም የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቀ ተገትሮ ይውላል። አዋሽ ፓርክ ዝንጀሮው የመኪና መስኮት ክፍት ካገኘ አይምርም። ምግብ ይዞ የተቀመጠ ሰው መሀል ሲገባ ሴቱንና ሕፃኑን መርጦ ነው የሚጠጋው፣ ማን እንደሚፈራው ያውቃልና። ያ ዝንጀሮ ሲያዛጋ እንቅልፉ መጥቶ እንዳይመስላችሁ። ጥርሱን እያሳያችሁ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ።

ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን እየተጠማዘዙ መውረድ ነው። ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተህ፣ 25 ኪሎ ሜትር በማትሞላ መንገድ፣ ሌላ አየር ውስጥ ትገባለህ፤ ጃኬት ታወልቃለህ። ከዳገቱ ላይ ኮምቦልቻ ከነፋብሪካዎቿ ስትታይ፣ ከከተማዋ ጀርባ የየጎፍ ደን ከነጥዱና ከነወይራው፣ እኔ ስንት ጊዜ አይቼው አልጠገብኩትም። ጦጣዎቹም የዚህ አገር ባለቤቶች ናቸው። ድሮ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ከመስኮት ታያቸዋለህ፣ መኪና ሲቆም ይጠፋሉ። አሁን መኪና ሲቆም ነው የሚመጡት። ሹፌሩ ፍጥነት ሲቀንስ ገና ሞተሩን ሰምተው ከዳር ይሰለፋሉ። ለምን? ሙዝ ስለምንወረውር። ከኮምቦልቻ ለቤት ብለን የገዛነውን ሙዝ፣ ልጆቹን ለማሳቅ፣ ቪዲዮ ለመቅረጽ። "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ማን አስለመዳት ብለን ግን ጠይቀን አናውቅም።

የሆነውን ልንገራችሁ። ሐይቅን ለመጎብኘት መጥተው ወደ ታች የሚመለሱ ሰዎች የያዘ ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ቆመ። እኔ ከኋላ በሌላ መኪና ነበርኩ፣ መንገዱ ስለተዘጋ እኛም ቆምን። ሰዎቹ ወርደዋል፣ ስልክ ወጥቷል፣ ሙዝ ይወረወራል። ጦጣዎቹ መሀል አንዲት ጆሮዋ የተሸረፈ፣ ሆዷ ላይ ግልገል ያጣበቀች እናት ነበረች። የመጀመሪያውን ሙዝ ከአየር ላይ ቀለበችው። ላጠችው፣ ሳታኝክ ጉንጯ ውስጥ ወተፈችው፣ ጉንጯ አበጠ፣ እጇን ለሁለተኛው ዘረጋች። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። አራት ዓመት የሚሆናት ሕፃን በአንድ እጇ ሙዝ በሌላው ፌስታል ይዛ ቆማለች። አባትየው "ስጫት፣ ስጫት፣ አትፈሪ" ይላታል፣ በስልኩ እየቀረጸ። ሕፃኗ ግማሽ መንገድ ዘርግታ ፈራችና እጇን ሰበሰበች። ጦጣዋ ግን አንዴ ተሰጥቷታል። ዘላ ፌስታሉን ያዘች፣ ልጅቷ አልለቅም አለች፣ ቅጽበት ነው፣ ፌስታሉ ተቀደደ፣ የልጅቷ አንጓ ላይ ሦስት ቀይ መስመር ቀረ።

እናትየዋ ጮኸች። ያኔ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ቡና ይደረግበት፣ ሌላው አረቄ ይፍሰስበት። ከመሀላቸው ነርስ ነኝ ያለች ወጣት ሁሉንም ገፋ አደረገችና የሃይላንድ ውሃና ሳሙና አስመጥታ ታጥበው ጀመር። ሰው "ይበቃታል" ይላል፣ እሷ ትቀጥላለች። ሩብ ሰዓት መታጠብ አለበት አለች። ከዚያ ለእናትየዋ፣ "እትዬ፣ ኮምቦልቻ እንደደረሳችሁ ቀጥታ ጤና ተቋም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋት እንደሆነ እነሱ ይወስናሉ፤ ነገ እናያለን እንዳትሉ" አለቻት። ይህን ሁላችሁም ያዙልኝ። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ብቻ አይመጣም፤ ጦጣም ዝንጀሮም ሊያስተላልፈው ይችላል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ጭረት ናት ተብሎ አይታለፍም።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ረዳቱ ድንጋይ አነሳ። ከደቂቃዎች በፊት ሲስቁ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ድንጋይ አነሱ። "ይቺ ሌባ!" እያሉ። እናት ጦጣዋ ግልገሏን እንዳጣበቀች ወደ ዛፉ ስትሮጥ አንዱ ድንጋይ ወገቧን አገኛት። ምኗ ነው ሌባ? ስጡኝ ብላ ለምና መጣች? ሙዙን አስቀምሰን፣ እጅ እንድትዘረጋ አስተምረን፣ እጇን ስትዘረጋ ወገቧን መታናት። የቡድኑን አዘጋጆች ማንነት አልጠራም፤ ከነሱ የባሰም ያልባሰም በየሳምንቱ እዚያ መንገድ ላይ አለ።

እዚያው አካባቢ በቆሎ የዘራች እናት ደግሞ አነጋግሬያለሁ። ልጆቿ ከትምህርት ቤት ቀርተው እሸት ይጠብቃሉ። "እናንተ አስለምዳችሁ ትሄዳላችሁ፣ በቆሎው ግን የኔ ነው" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰው እጅ ላይ ያለውን መንጠቅ የለመደ መንጋ ጎጆ ደጃፍ ላይ የተሰጣ እህል ያስፈራዋል? መንገድ ላይ ሙዝ የሚጠብቅ መንጋ ደግሞ ሲኖትራክ ያገኘዋል። አስፋልቱ ላይ ተለጥፎ ያየሁት አለ፣ ዝርዝሩን አልጽፍም።

ጦጣዎች በመንጋ ነው የሚኖሩት፣ ልጅ ከእናቱ ነው የሚማረው። ያቺ ሆዷ ላይ የነበረችው ግልገል ዓይኗን ገልጣ ያየችው አገር አስፋልት፣ ፌስታልና ሰው ነው። ሾላ የት እንደሚገኝ፣ ዋንዛ መቼ እንደሚበስል፣ ጭልፊት ሲመጣ የት እንደሚገባ እናቷ ልታሳያት የሚገባውን ጊዜ እዚያ መንገድ ዳር ተቀምጠው ያሳልፉታል። በሽታውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ የሰው ሳልና የሰው ጉንፋን ለነሱም ይተርፋል፣ ሳንባ ነቀርሳን ጨምሮ።

ይህን ስናገር ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጠኛል፣ ሁለቱንም አከብራለሁ።

አንደኛው "ሰደቃ ነው" የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንስሳ ማብላት፣ የተጠማ ማጠጣት አጅር እንዳለው ተምረን ነው ያደግነው፣ ክርስቲያኑም ቢሆን ለተራበ ፍጥረት ማዘንን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። የዚህ አገር ሰው ደግሞ ቤቱ የመጣን ባዶ አፉን አይሸኝም። ግን ሰደቃ የሚቀበለውን የሚጠቅም ነው። ጥርሷን የሚያበላሽ ብስኩት፣ መኪና ስር የሚያስገባት ሙዝ፣ ድንጋይ የሚያስወረውርባት ልማድ ምን ዓይነት ሰደቃ ይሆናል? ለጦጣ ማዘን የፈለገ ሰው በክረምቱ ችግኝ ተከላ ባሕር ዛፍ ብቻ ከሚተክል ሁለት ሾላና ሁለት ዋንዛ ይጨምር። ያ ለልጅ ልጆቿም ይደርሳል።

ሁለተኛው "ሐረር ጅብ ይመገብ የለ እንዴ?" የሚል ነው። ይመገባል። ግን የሐረሩን ነገር ልብ ብሎ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። እዚያ የሚያበላው ሰው የታወቀ ነው፣ ሙያውን የያዘ ነው፣ ጅቦቹን በስም ይጠራል፣ ቦታውና ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ጎብኚው የሚያበላው እሱ ባሳየው መንገድ ብቻ ነው። እኛ ጋ ያለው የትኛውም አላፊ አግዳሚ፣ በየትኛውም ጠመዝማዛ ላይ፣ የያዘውን ሁሉ መወርወር ነው። አይገናኙም።

አሁን ለምን አሁን ጻፍክ ካላችሁኝ፣ ዋናው ጭንቀቴ ይኸውላችሁ። እኛ ደቡብ ወሎዎች የራሳችን ፓርክ አለን፤ በመካነ ሰላም በኩል፣ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ። የደንቆሮ ደን ሲባል የኖረው ነው። ጭላዳ አለው። ቀይ ቀበሮም አለው፤ ይህ በመላው ዓለም ቁጥሩ ከ500 በታች የሆነ፣ ከኛ አገር ሌላ የትም የሌለ እንስሳ ነው። ግን ስንቱ የደሴ ሰው ሄዶ አይቶታል? ዘመዶቻችን ሐዋሳና አርባ ምንጭ ለሽርሽር ይሄዳሉ፣ የቅርቡን አያውቁትም። ሰሞኑን መንገዱ እንደልብ አይደለም፣ አውቃለሁ። ሰላም ሲሆንና መንገድ ሲከፈት ግን ሰው ይመጣል፣ እንዲመጣም እፈልጋለሁ፤ የአካባቢው ወጣት አስጎብኚ ሆኖ፣ በቅሎ አከራይቶ፣ ምግብ ሸጦ ይጠቀም። ጥያቄው የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች እዚያ ላሉት ጭላዳዎች ምን ያስተምሯቸዋል ነው። ሳንቃበር ያየሁትን ነው ወይስ ሐረጎ ያየሁትን? መንጋው ሰውን ገና እያጠና ነው። አንዴ ብስኩት ከቀመሰ ደግሞ መልሶ ማስረሳት ከባድ ነው፤ ማስለመድ ግን አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።

ቆሻሻውም እንዲሁ። ካምፕ አጠገብ የተጣለ አጥንትና እንጀራ ውሻ ይጠራል፣ ውሻ ደግሞ ለቀይ ቀበሮ ሞት ነው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ በ2003ም በ2008ም ከውሾች የተነሳ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ቀበሮዎቹን ፈጅቷቸዋል። የኛዎቹ ከባሌዎቹ በጣም ያነሱ ናቸው፣ አንድ ክፉ ወቅት ሊያጠፋቸው ይችላል። ስለዚህ የያዝከውን ፌስታል ይዘህ ተመለስ፣ የሙዝ ልጣጩንም ጭምር። "ይበሰብሳል" አትበል፤ ከመበስበሱ በፊት የሚያገኘው አለ።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ከባድ ነገር አልጠይቅም። ሐረጎ ላይ፣ መኪኖች በሚቆሙባቸው ቦታዎች፣ ከሩቅ የሚነበብ ሰሌዳ ይተከል፤ "ለጦጣ ምግብ አይስጡ" ይበል፣ ከስር ደግሞ የተጎዳ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ይጻፍ። የሚኒባስ ሹፌሮችና ረዳቶች ከማንም በላይ ሊያግዙ ይችላሉ፤ ረዳቱ መናኸሪያ ላይ "ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ" እያለ ሲጣራ የሚሰማው ድምፅ ሐረጎ ላይም "መስኮት ዝጉ፣ ምንም አትወርውሩ" ቢል ሰው ይሰማዋል። ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አላቸው፤ ልጆቹን ወደ የጎፍ ወስዶ ጦጣ ዛፍ ላይ ምን እንደምትበላ ማሳየት ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው ያለው። የሥነ ሕይወት ተማሪዎቹ የሐረጎን መንጋዎች ቢቆጥሩ፣ ስንቱ ከመንገድ ዳር እንደሚውል፣ ስንቱ መኪና እንደሚገጨው ቢመዘግቡ፣ ቢያንስ የምንነጋገርበት ነገር ይኖረን ነበር። መካነ ሰላም ላይ ደግሞ ወደፊት አስጎብኚ የሚሆኑት ወጣቶች ሳንቃበር ሄደው ስካውቶቹ እንዴት እንደሚሠሩ ቢያዩ እላለሁ። ያቺን "ወደኋላ በይ፣ ዓይኑን አትዪው" የምትለዋን ነገር።

ለጎብኚውም፣ ለቤተሰብም፣ ከልቤ የምለው አለ። ፓርክ ስትሄዱ ምግብ በዚፕ በሚዘጋ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ የፌስታል ኮሽታ እነሱ ጋ ደወል ነው። መስኮት ዝጉ። ጦጣ ወይ ዝንጀሮ ዕቃ ከያዘባችሁ ልቀቁለት፤ ቦርሳ ይገዛል። አትሩጡ፣ አትጩሁ፣ ዓይን ለዓይን አትፋጠጡ፣ ፊታችሁን ሳታዞሩበት ቀስ ብላችሁ ወደኋላ በሉ። ሕፃን እጅ ላይ ምንም የሚበላ አይኑር። ልጃችሁን "ስጫት" አትበሉ። ይልቅ ከልጃችሁ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ "እስቲ ምን እንደምትበላ እንይ" በሏት። ጊዜ ይፈጃል፣ ቪዲዮውም እንደዚያኛው አያስቅም። ግን ጦጣዋ ቅጠል ስታገላብጥ፣ አንበጣ ስትይዝ፣ ግልገሏን ስትገስጽ ታያላችሁ።

ለእናንተ ለጋዜጠኞቹም ጥያቄ አለኝ። ጎብኚ ለእንስሳ ሲያጎርስ የሚያሳይ ፎቶ ሲላክላችሁ "ውብ ትዕይንት" ብላችሁ አታውጡት፣ ያየ ሁሉ ያንኑ ሊያደርግ ይሄዳልና። ሌላው፣ መንገዱ ሲመች አንድ ዘጋቢና አንድ ፎቶ አንሺ ወደ ቦረና ሳይንት ላኩ። የፓርኩን ጠባቂዎች አነጋግሩ፣ ምን እንደጎደላቸው ጠይቋቸው፣ ገበሬዎቹንም እንዳትረሱ። ደሴ ስትደርሱ ፒያሳ አካባቢ ቡና እኔ ጋ ነው፣ መንገዱን የሚያውቁ ሰዎችም አገናኛችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ